ጎመን በሦስተኛ ፎቅ በረንዳ

ጥያቄ፦ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ጠባብ ቢሆንም እስከ ረፋድ ፀሐይ ያገኛል፤ ጎመንና ቲማቲም ላብቅልበት አስቤያለሁ። ከብሎካችን ሥር ደግሞ ማንም የማይቀመጥበት ሣር ስላለ፣ አቮካዶ እንትከልበት ብዬ ነበር። ግማሹ ጎረቤት ደስ አለው፣ ግማሹ ዝም አለ። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ ጎመኑን። ቲማቲም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ያበዛል፤ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ ግን የጠዋቷ ትበቃቸዋለች።

ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አጋድመው አንዱን ጎን በቢላዋ ይክፈቱ፤ ሥሩን በጋለ ሚስማር አሥር ቦታ ይብሱት። ሁለት እጅ አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። በአንድ ጄሪካን ሁለት እግር ጎመን ይበቃል። ውኃ የጠጣ አፈር ከባድ ነውና ከበረንዳው ብረት ላይ አይስቀሉት፣ ግድግዳው ሥር ይደርድሩት። ሲቀጥፉ ከታች ከታች ይውሰዱ፤ መሐል ያለውን ለጋ ካልነኩት ለወራት ይቀልብዎታል። ከቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካዩ በሳሙና ውኃ ይጠቡት።

ጠብ የሚያመጣው ግን ውኃው ነው። አንድ ቅዳሜ ጎመኔን ሳጠጣ፣ ከሥሬ ያሉት እናት በሰሌን ባሰጡት ዛላ በርበሬ ላይ ጭቃ ተንጠባጠበ። ዛላውን አንድ በአንድ እያነሡ በመቀነታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ከላይ ሆኜ አየሁ፤ መውረድ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ከየጄሪካኑ ሥር ዝርግ ሳሕን አለ፤ የመጀመሪያውም ቅጥፍ የእሳቸው ነው።

አቮካዶውን ይተዉት። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፤ ነገር ግን ሲንዠረገግ የሚጨልመው የእርስዎ ሳይሆን የምድር ቤቱ መስኮት ነው። ዝም ያሉት እነማን እንደሆኑ እስቲ ይመልከቱ! ሣሩም በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ነውና የቤት ባለቤቶቹን ማኅበር ያስፈቅዱ። ከተፈቀደልዎ የጥብስ ቅጠል በዳር በዳሩ ይትከሉ፤ እየተከረከመ እንደ አጥር ያምራል፣ ሁሉም ከደጁ ይቆርጣል። ጤና አዳም ካሰኘዎት ልጆች ከሚጫወቱበት ያርቁት፤ ጭማቂው ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቆስላል።