መልስ፦ ቤን ሎሞንድ ከውሻ ጋር

ተራራ ወጥተህ ለማታውቅ፣ ውሻ ይዘህ የስኮትላንዱን ተራራ ቤን ሎሞንድን መውጣት ይቻላል ወይ ላልከው፦ አዎ፣ ይቻላል። ከተራራው ግርጌ ካለችው ሮዋርደናን በዋናው የእግር መንገድ ደርሶ መልስ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ሰዓት ያዝለት። ጫፉ 974 ሜትር ስለሆነ ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ጉም ሊሆን ይችላል። የዝናብ ልብስ፣ ካርታ፣ ኮምፓስና የራስ ባትሪ ያዝ፤ ስልክህን ብቻ አትመን፣ ብርድ ባትሪውን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ዋናው ግን የውሻው ማሰሪያ ነው። በግ ባለበት ሁሉ አሳጥረህ ያዘው፤ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ ደግሞ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች አሉ። ቁልቁለት ላይ ከጎተተህ እርጥብ ድንጋይ ላይ ይጥልሃልና ከኋላህ አስከትለው።

ማታ ጆሮው ሥር፣ ብብቱና ጣቶቹ መሃል መዥገር ፈልግ። ካገኘህ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግተህ ይዘህ ቀስ ብለህ ቀጥታ ሳበው፤ ሆዱን ከጨመቅኸው ግን ጀርሙን ወደ ውሻው ሊተፋ ይችላል።