መልስ፦ ከጥያቄው በኋላ ስላለው ዝምታ

የተከበሩ መምህር፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ ውይይት ሲከፈት ዝም እንደሚሉና ሁልጊዜ እጅ የሚያወጡት እነዚያው ሦስት አራት ልጆች ብቻ እንደሆኑ ገልጸው መፍትሔ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት አስቀድሞ መታየት ያለበት እርስዎ ከጠየቁ በኋላ የሚሰጡት ጊዜ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጓቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው የሚታገሡት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ይህ ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝምተኞቹም መሳተፍ እንደሚጀምሩ አሳይተዋል። ተማሪው መልሶ ሲጨርስም ወዲያው «ጎበዝ» ብሎ አለመዝጋት ይጠቅማል፤ ሐሳቡን የሚያስፋፋው ወይም ሌላው ልጅ የሚሞግተው በዚያች ፋታ ነውና።

ሁለተኛው መታየት ያለበት ነገር ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ልጁን ዝም የሚያሰኘው የሐሳብ እጥረት ላይሆን ስለሚችል፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ለሁለት ደቂቃ በሚቀናው ቋንቋ እንዲመክር ይፍቀዱለት፤ ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። የ1 ለ 5 ቡድን ካለዎት ደግሞ ተናጋሪው ሁልጊዜ የቡድን መሪው እንዳይሆን በዕጣ ይምረጡ።