ለትልቁ ቶርናመንት ጣሪያቸው ከፍ ያለ መቺዎችን እንዴት ትመርጣላችሁ ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። «የየቀኑን የቤዝቦል ፋንታሲ አንድ ዓመት ተጫወትኩ፤ ትልቁ ቶርናመንት ላይ ግን ወይ መሃል ላይ እቀራለሁ ወይ የከፈልኩትን ብቻ መልሼ አገኛለሁ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ ተጫዋቾችን በምንድነው የምትለዩት?» ያልከውን ትናንት ከሥራ ስወጣ አነበብኩት። (ለማያውቅ፦ በዚህ ጨዋታ በደመወዝ ገደብ ውስጥ እውነተኛ ተጫዋቾችን ትመርጣለህ፤ በዚያ ማታ ሜዳ ላይ በሠሩት ልክ ነጥብ ታገኛለህ። ጣሪያ ማለት አንድ ተጫዋች ጥሩ ማታው ላይ ሊያመጣ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ ነው።) ከላይ የመለሱልህ ልጆች «ጀጅን ያዝ፣ ኦታኒን ያዝ» ብለውሃል፤ ሁለቱም ዝነኛና ውድ መቺዎች ናቸው። እነሱ ጥሩ መሆናቸውን ዋጋቸውን ያወጣው ሰውም ያውቃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ስትይዝ ለሌሎቹ የሚተርፍህ ፍርፋሪ ነው። እኔ ስድስት ዓመት ተጫውቻለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አንተ አሁን ባለህበት ቦታ ቆሜ ነው ያባከንኳቸው፤ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም። ሕጉን ታውቃለህ ብዬ መሠረታዊውን እዘለዋለሁ። የማሰላው ጨዋታውን ከሚያዘጋጁት ድርጅቶች አንዱ በሆነው በድራፍትኪንግስ አቆጣጠር ነው፦ 50,000 የደመወዝ ገደብ፣ 2 ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ)፣ 8 መቺ።

1. አማካይ የሚባለውን ነገር ከጭንቅላትህ አውጣ። ግማሹ ሰው በሚያሸንፍበት ካሽ ጌም ላይ በየማታው ስምንት ዘጠኝ ነጥብ የሚያመጣልህ ሰው ወርቅ ነው። ትልቁ ቶርናመንት ግን ዕቁብ አይደለም፤ ተራህ ደርሶ አይወጣልህም። የሚከፈለው ከአምስት ሰው ለአንዱ ገደማ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ ላይ ያሉት ጥቂት ሰዎች ጋ ነው የተከማቸው። ከሚከፈለው መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ መውጣትና ከሁሉም መጨረሻ መውጣት ኪስህ ላይ አንድ ነው።

በ2023 የማያሚ ማርሊንሱ ሉዊስ አራኤዝ አማካይ ምቱ .354 ነበር (ከሺህ ሙከራ 354 ምት እንደማለት ነው)፤ ከናሽናል ሊግ አንደኛ። ሆምረኑ (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ መምታቱ) ግን 10 ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የፊላደልፊያው ካይል ሽዋርበር አማካዩ .197 ሆኖ 215 ጊዜ ስትራይክአውት (ሦስት ስትራይክ ተቆጥሮበት) ወጣ፤ ግን 47 ሆምረን መታ፣ 126 ጊዜም በዎክ (ፒቸሩ አራት ኳስ ስቶለት በነጻ) ቤዝ ላይ ወጣ። ስታዲየም ቁጭ ብለህ የምታይ ብትሆን አራኤዝን ትወደዋለህ፤ እኔም እወደዋለሁ። እዚህ ጨዋታ ላይ ግን ስትራይክአውት ከመቺው ምንም አይቀንስበትም። ነጠላ ምት (አንደኛ ቤዝ የሚያደርስ) 3 ነጥብ ነው። ሆምረን 10 ሆኖ የራሱ ራን (ቤዞቹን ዞሮ መግባቱ) 2፣ አርቢአዩ (በምቱ ያስገባው ራን) 2 ሲጨመርበት፣ ቤዝ ላይ ማንም ባይኖር እንኳ 14 ይሆናል። ሽዋርበር ዜሮ ይዞብህ የሚመጣባቸው ማታዎች ይኖራሉ። ይኑሩ! አንተ የምትፈልገው ሁለት ጊዜ አሻግሮ የሚመታበትን ማታ ነው። የሚሮጡትንም አትርሳ፤ ስቲል (ማንም ሳይመታ ቀጣዩን ቤዝ ሮጦ መስረቅ) 5 ነጥብ ነው። የሲንሲናቲው ኤሊ ዴ ላ ክሩዝ በ2024 67 ጊዜ ሰርቋል፤ ሁለት የሰረቀበት ማታ፣ ራኑና አርቢአዩ ሳይቆጠር፣ ከአንድ ሆምረን 10 ነጥብ ጋር ይስተካከላል።

2. ከሁሉም በላይ ይሄን ያዝልኝ፦ ጣሪያ የአንድ ሰው አይደለም፣ አብረው የሚመቱት ሰዎች ነው። የምትጫወተውን አውቃለሁ፤ ከስምንት ቡድን ስምንት ጥሩ ሰው ሰብስበህ ነው የምታስገባው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን አንድ ኢኒንግ (ከጨዋታው ዘጠኝ ዙሮች አንዱን) ውሰድ። ሁለተኛው መቺህ በነጠላ ምት ወጣ፣ 3። ሦስተኛው ደብል (ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መትቶ እሱን አስገባው፦ ለደብሉ 5፣ ለአርቢአዩ 2፣ ለገባው ልጅ ደግሞ ሌላ 2። አራተኛው ሆምረን መታ፦ 10፣ ሁለት አርቢአይ 4፣ የራሱ ራን 2፣ ከሁለተኛ ቤዝ ለገባው ደግሞ 2። ሦስቱን አንተ ይዘሃቸው ከሆነ አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 30 ነጥብ አገኘህ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የያዘው ሰው በዚያው ምት ከ5 እስከ 16 ነው የሚያገኘው። ድራፍትኪንግስ ከአንድ ቡድን እስከ አምስት መቺ ይፈቅድልሃል። አምስቱንም ውሰድ፤ በመምቻ ተራቸው ተከታታይ የሆኑትን።

ይሄን ነገር ያየሁት ፋንታሲ የሚባል ነገር መኖሩን ሳላውቅ ነው። ነሐሴ 2007 በፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፤ ባልቲሞር የከተማው ቡድን ኦሪዮልስ ከሚጫወትበት ከካምደን ያርድስ ብዙም በማይርቅ የመኪና ማቆሚያ እሠራ ነበር። አለቃዬ ሬዲዮ ከፍቶ ኦሪዮልስ 3 ለ 0 ሲመራ ይጨፍር ነበር። ከዚያ ተጋጣሚው ቴክሳስ በአራተኛው ኢኒንግ 5፣ በስድስተኛው 9፣ በስምንተኛው 10፣ በዘጠነኛው 6 አገባበት። 30 ለ 3! እኔ ቤዝቦል ምን እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን ሬዲዮውን ዘግቶ ዝም ሲል አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ የዚያን ቀን ዝርዝር ፈልጌ አነበብኩት። ሠላሳው ራን የገባው በአራት ኢኒንግ ብቻ ነው፤ በቀሩት አምስት ምንም የለም። ራን እንደዚህ ነው የሚመጣው፣ በአንድ ጊዜ ግር ብሎ። ደግሞ ማን አገባው መሰለህ? ስምንተኛው መቺ ሳልታላማኪያና ዘጠነኛው ቫስኬዝ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሆምረንና ሰባት አርቢአይ። ከተራው መጨረሻ ያሉ፣ ማንም የማይፈልጋቸው ሁለት ሰዎች።

3. ስለዚህ ከኋላ ያለውን ርካሽ ሰው አትናቀው። ይሄን የምልህ ከባድ ዋጋ ከፍዬበት ነው።

የዛሬ አራት ዓመት ገደማ ሰመር ላይ፣ ማክሰኞ ማታ፣ 20 ዶላር የሚከፈልበት ቶርናመንት ገባሁ፤ የአንደኛው ሽልማት 10,000 ዶላር። በዚያን ጊዜ በቴሌግራም «የተረጋገጠ ምርጫ» እያለ ለሚሸጥ ሰው በወር 40 ዶላር እከፍል ነበር። ስሙን አልጠራም። ያን ቀን ከአንድ ቡድን አምስት ሰው ሠርቼ ነበር፤ አምስተኛው ስምንተኛ ላይ የሚመታ፣ ዋጋው 2,600 የሆነ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳሱን የሚቀበል) ነው። የሚወረውርባቸው ፒቸር ሆምረን የሚበዛበት ልጅ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ራሴ አይቼ፣ አስቤበት ነው የሠራሁት። ሰውየው ጨዋታው ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው «ስምንተኛ የሚመታ ሰው በምንም ዓይነት አትያዙ» ብሎ ጻፈ። ተጠራጠርኩ። ስልኬን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ፣ መኪና የሚያስረክበኝ ደንበኛ እየጠበቀኝ፣ ካቸሩን አውጥቼ ከሌላ ቡድን ስሙ የታወቀ ውድ ካቸር አስገባሁ።

የተውኩት ልጅ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እያለ አንድ ሆምረን፣ በኋላ ደግሞ ባዶ ቤዝ ላይ ሌላ ሆምረን መታ። 32 ነጥብ። ያስገባሁት ሰው አራት ጊዜ ሞክሮ ዜሮ። 31ኛ ወጣሁ፣ 150 ዶላር ደረሰኝ። አንደኛው በ19 ነጥብ ነው የበለጠኝ። ስሌቱን ሌሊቱን ሙሉ ደጋግሜ ሠራሁት፤ አልተለወጠም። በማግስቱ ሰውየውን በትሕትና «ለምን እንደዚያ አልክ? ምክንያቱን ብቻ ንገረኝ» ብዬ ጠየቅኩት። መልስ ሳይሰጥ ከግሩፑ አስወጣኝ፤ የወሩ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ 40 ዶላሩ አይደለም። በራሴ ዓይን ያየሁትን ነገር ለማላውቀው ሰው ብዬ መጣሌ ነው። አንተም ጥያቄህ ላይ «የሚከፈልበት ግሩፕ ልግባ ወይ» ብለሃል። አትግባ ወንድሜ። ያቺን ገንዘብ ለሁለት ሳምንት መጫወቻ አድርጋት።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ሌላ ነው። አምስት ከአንድ ቡድን፣ ሁለት ወይም ሦስት ከሌላ ቡድን፤ ከአምስቱ ውስጥ ቢያንስ አንዱ ሰው ሁሉ የዘለለው ርካሽ ሰው። በዓመቱ በዚሁ አካሄድ ሦስተኛ ወጥቼ 2,300 ዶላር ወሰድኩ፤ የመኪናዬን ትራንስሚሽን አሠራሁበት። ማንም ሳይነግረኝ ራሴ የመረጥኩት ላይንአፕ (የተጫዋቾች ምርጫ) ስለነበር ፎቶው አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

4. ቡድኑን ስትመርጥ ሁሉም ወደ ዴንቨር ይሮጣል። እዚያ ያለው ሜዳ፣ ኩርስ ፊልድ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል። (እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ያደግን ሰዎች ይሄን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገንም፤ አዲስ አበባ ሜዳ ቢኖር ኳሱ የት ይደርስ እንደነበር አስባለሁ።) ችግሩ እዚያ ያሉትን መቺዎች ሁሉም ሰው ይይዛቸዋል፤ ዋጋቸውም ይወደዳል። ቢመቱ ካንተ ጋር አብሮ ብዙ ሺህ ሰው ይወጣል፤ ባይመቱ ብር አውጥተህ ቀረህ። እኔ ኩርስ ላይ ጨዋታ ባለበት ማታ ሁለተኛና ሦስተኛ ጥሩ የሚባለውን ቡድን ነው የምፈልገው፤ ደካማ ፒቸር የገጠመውን፣ ሲንሲናቲን የመሰለ ሆምረን የሚበዛበት ሜዳ ላይ ያለውን። የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ከሆነ ነፋሱን እየው፤ ከሐይቁ ወደ ሜዳው የሚነፍስ ከሆነ መቺዎቹን ተዋቸው፣ ወደ ውጪ ከሆነ ግን እንዳያመልጡህ።

ከሜዳው ውጪ የሚጫወተውን ቡድንም አስቀድም። ባለሜዳው እየመራ ከሆነ ዘጠነኛው ላይ አይመታም፤ እንግዳው ግን ሁልጊዜ ይመታል። ቴክሳስ የመጨረሻዎቹን 6 ራኖች ያገኘው በዘጠነኛው ኢኒንግ መሆኑን ልብ በል።

ስለ ፒቸር ብዙ አልልም፤ ስትራይክአውት 2 ነጥብ ነው፣ ብዙ ስትራይክአውት የሚያወጣውን ያዝ፤ ራስህ በያዝካቸው መቺዎች ላይ የሚወረውረውን ግን በጭራሽ።

ዝናብ! በሰመር እዚህ ሜሪላንድ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ጨዋታ ይተላለፋል፤ አምስቱም መቺዎችህ ዜሮ ይዘው ይቀራሉ። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። የአየሩን ሁኔታ ላይንአፑ ከመዘጋቱ በፊት እይ። የመቺዎቹ ተራ ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው የሚወጣው፤ ጠዋት ሠርተኸው ወደ ሥራ የምትሄድ ከሆነ የያዝከው ሰው እረፍት ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ያልጀመረ ሰው እስከ መጨረሻ ሊቀየር ስለሚችል፣ ማታ በፈረንጅ 10 ሰዓት ገደማ የሚጀምሩትን የካሊፎርኒያ ጨዋታዎች ሰዎች ወደ መጨረሻ አስቀምጣቸው፤ ወደ ኋላ ከቀረህ ማንም ያልያዘውን ሰው ታስገባለህ።

ገንዘቡን በተመለከተ እኔና ባለቤቴ የተስማማነው በሳምንት 60 ዶላር ነው፤ ካለቀ እስከ ሰኞ አልነካውም። ብዙ ላይንአፕ ከሚያስገቡት ጋር አትፎካከር፤ አንዳንዱ ቶርናመንት ላይ 150 የሚያስገባ ሰው አለ። አንድ ሰው አንድ ብቻ የሚያስገባበትን ምረጥ።

ዛሬ ማታ የምትጫወት ከሆነ ላይንአፕህን እዚሁ ለጥፈው። ዕረፍቴ በፈረንጅ 6:30 ነው፣ የመጀመሪያው ጨዋታ 7:05 ከመጀመሩ በፊት አየዋለሁ። ካቸሩ ማን እንደሆነ ደግሞ ለብቻው ጻፍልኝ።