ስለ መጤ የሚወራ ክስ ጆሯችሁ ሲገባ

ውድ ወጣቶች፣

የሥራ ዘመኔን በጥብቅና ስላሳለፍሁ ክስ እንዴት እንደሚወለድና እንዴት እግር እንደሚያወጣ የማየት ዕድል ነበረኝ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ስለሚፈረድበት ሰው ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ስለሚኖር መጤ።

በእንዲህ ያለ ቦታ ተወላጁ ሲጠረጠር «የእገሌ ልጅ ይህን አያደርግም» የሚል አጎት ወይም አብሮ አደግ አያጣም። ትናንት የመጣው ግን ዋስ የለውም። ንብረት ሲሰረቅ፣ ሥራ ሲጠፋ ወይም በሽታ ሲገባ ዓይን ሁሉ ወደ እርሱ የሚዞረው እርሱን መክሰስ ከማንም ጋር ስለማያጣላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1692 ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ በነበረችው ማሳቹሴትስ፣ በሴለም መንደር መጀመሪያ በጥንቆላ የተከሰሱትን ሦስት ሴቶች ተመልከቱ፤ አንዷ ከሌላ አገር የመጣች ባሪያ፣ ሁለተኛዋ በየቤቱ የምትለምን ድኻ፣ ሦስተኛዋ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆመች ሴት ነበሩ። ክሱ ግን በእነርሱ አላበቃም፤ ዓመቱ ሳይገባደድ በመንደሩ የተከበሩ ሰዎች ጭምር ያሉባቸው 20 ሰዎች ተገደሉ።

ከሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ የማይጠፋው በፖላንዷ የኪዬልትሴ ከተማ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1946 ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ የተመለሰ የ8 ዓመት ልጅ፣ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፉ አይሁዶች በተጠጉበት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ታግቼ ነበር አለ። ቤቱ ምድር ቤት አልነበረውም። ልጁም የሰነበተው ቤተሰቡ በሚያውቃቸው ሰዎች ዘንድ፣ በአንድ መንደር ነበር። ገብቶ ወለሉን ለማየት የሚያስፈልገው ጊዜ ምን ያህል ነው? ሕዝቡ ግን ተሰበሰበ፤ ሕግ እንዲያስከብሩ የተላኩ ወታደሮችና ፖሊሶችም የግድያው ተካፋዮች ሆኑ፤ 42 አይሁዶችም ሞቱ።

በሙያችን ከክስ በስተጀርባ ማን እንደሚጠቀም መጠየቅ ልማድ ነው፤ ለእናንተም ይጠቅማችኋል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ወረርሽኝ አውሮፓን ሲያምስ አይሁዶች የውኃ ጉድጓዶችን መርዘዋል ተባለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1348 በሽታው አይሁዶችንም እንደሚገድል፣ አይሁዶች በሌሉበት አገርም እንደገባ በማስረዳት ወሬውን ተቃወሙ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በስትራስቡርግ በየካቲት 1349፣ ወረርሽኙ ገና ከተማዋ ሳይደርስ፣ አይሁዶች ተቃጠሉ፤ ለእነርሱ የነበረው ዕዳም ተሰረዘ። እንግዲህ ባለዕዳው ሁሉ በወሬው ማመኑ ያስደንቃልን?

«ከተማው በሙሉ ያመነውን እኔ ብቻዬን ምን ላደርግ እችላለሁ?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሕዝብ ከተሰበሰበ በኋላ አንድ ሰው የሚያደርገው ጥቂት መሆኑን አልሸሽጋችሁም። ስለዚህ ሥራችሁ ቀደም ብሎ፣ ወሬው ገና ከአንድ አፍ ወደ አንድ ጆሮ ሲያልፍ ነው። የነገራችሁን ሰው ሳትቆጡ «አንተ ራስህ አይተሃል?» በሉት፤ አላየሁም ካለ ከማን እንደሰማ ጠይቁት። የስሚ ስሚ ምስክርነት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ መንገዳገድ እንደሚጀምር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሚወራበትንም ሰው ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ብዙውን ጊዜ ስለ ራሱ የሚባለውን የሚሰማው ከሁሉ መጨረሻ ነውና።

ከመጤዎቹ አንዱ በእርግጥ አጥፍቶ የተገኘ እንደሆነስ? ያን ጊዜ ነገሩ ይከብዳል። ተወላጅ ሲሰርቅ የሚጠራው የራሱ ስም ነው፤ መጤ ሲሰርቅ ግን የመጣበት ወገን ሁሉ አብሮ ይጠራል። ያጠፋው በስሙ ተጠርቶ በሕግ ይጠየቅ፤ ይህን ከማንም በፊት የምሻ እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ግን ከዚያው ወገን የሆነ የክፍል ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ካላችሁ እንደ ወትሮው አብራችሁት ተቀመጡ፤ ማብራሪያም ሆነ ይቅርታ አትጠብቁበት፤ የሚመልሰው ክስ የለበትምና።