የአያትሽን የብር አምባር ከሌሎች ጌጦች ጋር ስለ መደረብ

እህቴ፣ ከአያትሽ የወረስሽውን ወፍራም የብር አምባር ከቀጭን የወርቅ ሰንሰለትና ከሰዓት ጋር በአንድ እጅ ማድረግ ይበዛ እንደሆነ ጠይቀሻል። በእኔ አስተያየት አምባሩ እጁን ለብቻው ይያዝ፤ ምክንያቱም ቀድሞ ማርትሬዛ የተባለው የድሮ የብር ገንዘብ እየቀለጠ ይሠራ የነበረው ዓይነት ከባድ አምባር አጠገቡ ያለውን ቀጭን ሰንሰለት ከዓይን ይሰውረዋል፣ ሲፋተግም ሊጭረው ይችላል። ወርቁንና ሰዓቱን በሌላው እጅሽ አድርጊያቸው። መደረብ ከወደድሽ ግን ሁለት ቀጫጭን የብር አምባሮች ይበቁሻል። አዲስ ሰንሰለት ስትገዢ የእጅሽን አንጓ በክር ለክተሽ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምሪበት።

የአምባሩን ጫፎች በጣትሽ ዳሰሽ መርምሪ። እዚህ ለገጣፎ አንድ እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ነጠላዬን ሳጣፋ፣ የአምባሬ ሻካራ ጫፍ ጥለቱን ይዞ ረጅም ክር መዞብኛል፤ ያ ነጠላ የእናቴ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጫፉ ሻካራ ከሆነ ብር ሠሪ ዘንድ ወስደሽ አስሞርጂው። ብሩ ሲጠቁር ደግሞ ላዩን ብቻ በለስላሳ ጨርቅ ወልውዪው፤ በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረው ጥቁረት የእጅ ሥራውን አጉልቶ ስለሚያሳይ እባክሽ አታጥፊው።