የአያት ጠመንጃና የጠፋው ካርታ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ድሮ ጠመንጃ ካርታ፣ ማለትም ስለ ጥይት መያዣው፣ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር። ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኢትዮጵያ ወጥቶ እዚህ አሜሪካ የሚሸጥ ካርካኖ፣ የጣሊያን ጠመንጃ፣ ገዛሁ። ከታች ቀዳዳ ነው። ካርታው ጠፍቶ ይሆን?

መልስ፦ አልጠፋም። የካርካኖ ካርታ ከአካሉ ጋር አንድ ነው፣ አይወልቅም። የጎደለህ ክሊፕ ነው። ስድስት ጥይት የሚያቅፍ ስስ ብረት ነው፣ ከነጥይቱ ከላይ ትከተዋለህ። የመጨረሻዋ ጥይት ስትቀባበል ባዶው ክሊፕ በዚያ ቀዳዳ ዱብ ይላል። ላይና ታች የለውም፣ እንደፈለግህ አስገባው። የ1938ቱ ሞዴል መጀመሪያ 7.35 ሚሊ ሜትር ነበር፣ በኋላ ግን በ6.5ም ተሠርቷል፤ የቀደሙት 6.5 ናቸው። ክሊፑ ለሁለቱም ያው ነው፤ ጥይቱ ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ ለውጅግራ የሚሆን ካርታ የት አገኛለሁ?

መልስ፦ የትም። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራስ 1874 ነው፣ አንድ አንድ ነው የሚጎርሰው። ካርታ እሸጥልሃለሁ ካለህ ሽሽ።

ጥያቄ፦ ሁለት ቬተርሊ፣ የድሮ የጣሊያን ጠመንጃ፣ አየሁ። አንዱ ሆዱ ወጣ ያለ ካርታ አለው፣ ሌላው የለውም። የትኛው ነው ዋናው?

መልስ፦ ሁለቱም። በ1870 ሲወጣ አንድ ጎራሽ ነበር። ከ1887 ጀምሮ ጣሊያን አራት ጥይት የሚይዘውን የቪታሊ ካርታ ገጠመችበት። አድዋ ላይ የጣሊያኑ ጄኔራል የባራቲዬሪ ወታደሮች ይህንኑ ይዘው ነበር፤ ካርካኖ ተሠርቶ ሳለ! የቪታሊው ክሊፕ ደስ ይለኛል። አናቱ ላይ እንጨትና ገመድ አለው። ጥይቱን ወደ ታች ገፍተህ ክሊፑን በገመዱ መዘዝ ታደርገዋለህ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ብዙዎቹ ወደ 6.5 ተቀየሩ፣ የካርካኖ ክሊፕም የሚጎርሱት እነዚህ ናቸው። እንዳትተኩስበት ግን፤ አካሉ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። አያቴ የተዉት ጠመንጃ አለ፣ ካርታ ላስገጥምለት?

መልስ፦ መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርስ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የካርታው ነገር ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የቤልጅግ ማውዘር ካርታው ውስጥ ዝጓል።

መልስ፦ የሆዱ ክዳን ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሹል ነገር ይዘህ ተጫናትና ክዳኑን ወደ ኋላ ግፋው፣ ከነሞላው ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሞላውን መቀየር ይበቃል።

ጥያቄ፦ የእንግሊዙ ጠመንጃ ኢንፊልድ ቁጥር 4 አለኝ። የቁጥር 1 ካርታ ገዛሁለት፣ እምቢ አለ።

መልስ፦ እንቢ ይበል፣ የእሱ አይደለም። የቁጥር 4 ካርታ ብትገዛም አይንህን ጨፍነህ አትመን። አስር ጥይት ይይዛል፣ ይወልቃልም፤ ወታደሩ ግን ጥይቱን ከላይ አምስት አምስት እያለ ነበር የሚሞላው። መውለቁ በአብዛኛው ለጽዳት ነው። ስለዚህ ካርታው ከገዛ ጠመንጃው ጋር ተስተካክሎ የተገጠመ ነው፣ ሌላ ቤት ሲገባ ያስቸግራል። ባሩድ በሌለው የልምምድ ጥይት ሞክረው። የጥይቱ ጫፍ ወደ ታች ከደፋ ወይም ቀድሞ ከዘለለ፣ ጥፋቱ የካርታው ከንፈር ላይ ነው። በፒንሳ ትንሽ ትንሽ አርመው፣ በየመሃሉ እየሞከርክ። ደግሞ የዚህ ጥይት ቀለህ ቂጡ ላይ ጠርዝ አለው። የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ፊት መቀመጥ አለበት። ከኋላ ካረፈ ይነካከሳል፣ አንተም ደህናውን ካርታ ትጥላለህ።