የተሽከርካሪ ጭስ የጤና መሥሪያ ቤትን ለምን ይመለከታል?

ጤና ይስጥልኝ። የተሽከርካሪ ጭስን መቆጣጠር የአካባቢ ጥበቃ ሥራ ሆኖ ሳለ የጤናው ዘርፍ ምን እንደሚያገባው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ጉዳቱን የሚያየው አንዱ፣ ምንጩን የሚቆጣጠረው ሌላው ሆኖ ሁለቱ ካልተነጋገሩ መፍትሔ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፒኤም 2.5 ለሚባሉት ደቃቅ ብናኞች የሚመከረውን ዓመታዊ አማካይ መጠን በሜትር ኪዩብ ከ10 ወደ 5 ማይክሮግራም ዝቅ ያደረገው በሕክምና ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ይህን ቁጥር ወደ ነዳጅ ጥራት ደረጃ፣ ወደ ተሽከርካሪ ምርመራና ወደ መንገድ ዕቅድ የሚያወርዱት ግን ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ተነጣጥለው ከሠሩ ድካማቸው ከንቱ ይሆናል፤ ለምሳሌ በናፍጣ መኪና ጭስ ማውጫ ላይ የሚገጠመው የብናኝ ማጣሪያ ሰልፈር የበዛበት ነዳጅ ከተቃጠለበት በአግባቡ አይሠራም፣ ስለዚህ ነዳጁ ሳይስተካከል አዲስ መኪና ማስገባቱ ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። የኤሌክትሪክ መኪናም ከጎማና ከመንገድ ፍትጊያ የሚነሣውን ብናኝ አያስቀርም (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል)። እኔ የምመርጠው ጅምር በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ደጃፍ የአየር መለኪያ ተክሎ፣ ውጤቱ ለጤናውም ለትራንስፖርቱም ኃላፊ እኩል እንዲደርስና ሁለቱም በጋራ እንዲጠየቁበት ማድረግ ነው።